አላነበበችም የተባለችው ቁልፊቱ

በሸሚዝ ፋብሪካው ሃያ ስምንት ዓመት ስትሠራ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ጠመኔ ነበር የሚሏት። ሥራዋ ጥራት መቆጣጠር ነው። ከስፌት መስመሩ ጫፍ፣ መብራት ዝቅ ብሎ በተንጠለጠለበት ጠረጴዛ ላይ ሸሚዙን ትገለብጣለች፤ አንገትጌውን ትጎትታለች፤ የብብቱን ስፌት በአውራ ጣቷ ትዳብሳለች። ደህና ከሆነ ከውስጥ በኩል በሰማያዊ ጠመኔ ጫር ታደርግበታለች። ካልሆነ በቀይ ጫር አድርጋ እንዲታረም ለሰፊዋ ትመልሳለች። "እኔ እኮ በደንብ ነው የሰፋሁት" የሚል ሲመጣ ቀና ብላ እንኳ አታይም። ቀዩን በጣቷ ታሳያለች፣ አለቀ።

ጡረታ ስትወጣ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች። ልማዱ ግን አብሯት ቤት ገባ።

ፋብሪካው ተዘግቶ የሥራ ጓደኞቿ ሲበታተኑ፣ ሰኞ ሰኞ ጠዋት በኢሜይል ደብዳቤ ትልክላቸው ጀመር፤ ለሠላሳ አንድ ሰው። ማን የልጅ ልጅ እንዳየ፣ ማን ቤት እንደቀየረ፣ ማንን ጉልበቱን እንዳመመው ትጽፋለች። መጨረሻ ላይ አንድ የድሮ የፋብሪካ ወሬ ጣል ታደርግበታለች። መላኪያውን ያዘጋጀችላት ማስታወቂያ ቤት የምትሠራው ምራቷ ናት።

"እማዬ፣ ይሄንን ገጽ ደግሞ እዪው" አለቻት አንድ ቀን። "ደብዳቤሽን የከፈተ ሰው ስሙ አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ ይመጣል። ያልከፈተው ግራጫ ሆኖ ይቀራል።"

"በምን ያውቃል?"

"ከደብዳቤው ግርጌ ለዓይን የማትታይ ሚጢጢ ምስል አለች። ሰውየው ደብዳቤውን ሲከፍት ስልኩ ምስሏን ከእኛ ዘንድ ያስመጣል። እሷ ደግሞ ማን እንዳስመጣት፣ በስንት ሰዓት እንዳስመጣት መዝግባ ትነግረናለች።"

"ለሰዎቹስ ይነገራቸዋል?"

ምራቷ ሳቀች። "ከተነገራቸውማ ምኑን ያዝነው!"

ጠመኔን ትንሽ ቅር አላት። ቅሬታዋ የቆየው ግን ገጹን በደንብ እስክታየው ነበር። ከዚያ በኋላ ሰኞ በመጣ ቁጥር መነጽሯን በነጠላዋ ጫፍ ወልውላ ከስም ስም ትወርድ ጀመር። አለፈ፤ አለፈ፤ ይሄ ቀርቷል።

አለቃ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው። የድሮው የፈረቃ አለቃቸው ከአርፋጆች ስም ዝርዝር በቀር ምንም ሲያነብ ታይቶ አያውቅም። አሁን ግን እሷ ጣቷን ከመላኪያው ሳታነሳ እሱ ከፍቶታል። "ለካ እንዲህ ያለ አንጀት ነበረው!" አለች ጠመኔ፤ ሃያ ስምንት ዓመት የታዘበችውን ሰው በአንዲት ነጥብ ይቅር አለችው። መድኃኒት ቤት ወረፋ ላይ ስታገኘው ከወንበሯ ተነስታ አስቀመጠችው። ሰውየው ግራ ገብቶት በሽታዋ ምን እንደሆነ ጠየቃት።

ቁልፊቱ ግን ግራጫ ናት።

ቁልፊቱ የሸሚዝ ቁልፍ ሰፊ ነበረች። ከጠመኔ ጋር ከአንድ የምሳ ዕቃ ሲበሉ ኖረዋል። የጠመኔ ባል የሞተ ጊዜ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአልጋዋ ሥር ፍራሽ አንጥፋ አብራት ያደረች እሷ ናት። ይህች ቁልፊቱ አሥራ አራት ሰኞ ሙሉ አንዲት ደብዳቤ አልከፈተችም። ጠመኔ ሆዷ ሻከረ። ቁልፊቱ ስትደውል "ሥራ ይዣለሁ" እያለች ቶሎ ትዘጋባት ጀመር።

"አንቺ፣ ምን ሆነሻል? ድምፅሽ ቀዘቀዘብኝ እኮ" አለቻት ቁልፊቱ አንድ ቀን።

"ምንም።"

አሥራ አምስተኛው ሰኞ ሲመጣ የቁልፊቱን ስም ከዝርዝሩ አጠፋችው። በፋብሪካው ወግ ቀይ የተጫረበት ሸሚዝ እንኳ ለእርማት ይመለሳል፤ ቁልፊቱ ግን ይህም አልደረሳት።

ሐሙስ ዕለት በሩ ተደበደበ። ቁልፊቱ ናት፣ ጃንጥላዋን እንደ ምርኩዝ ተደግፋ ቁና ቁና እየተነፈሰች።

"ደብዳቤዬን ምን በላው?"

"የትኛውን ደብዳቤ?"

"የሰኞዬን ነዋ! ሰኞ ጠበቅሁ፣ ማክሰኞ ጠበቅሁ። ሞታ እንደሆነስ ብዬ ይሄን ሁሉ ደረጃ በዚህ ጉልበቴ ወጣሁት። እሷ እቴ፣ ቁጭ ብላ መጋረጃ ትዘመዝማለች!"

"አታነቢውም ብዬ ነው።"

"እኔ ነኝ የማላነበው? ያንን ባለ አንድ እጅጌ ሸሚዝ ሊታሸግ ሲል ያዝኩት ብለሽ የጻፍሽው፣ የያዝኩት እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም! ጨርቅ ቆራጯንም ሁለተኛ ባል አገባች አልሽ፤ ሦስተኛዋ እኮ ነው! ላርምሽ ስደውል ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው።"

ጠመኔ ክው አለች። "ታዲያ ለምን ግራጫ ሆንሽ?"

"ምን ሆንኩ?"

ምንም መሸሻ አልነበራትም። ገጹን ከፍታ አሳየቻት፤ ስለ ሚጢጢዋ ምስልም ነገረቻት። ቁልፊቱ መነጽሯን አድርጋ ብዙ ቆየችበት።

"ልጄ ስልኬ ላይ ምስል እንዳይመጣ ዘግታልኛለች" አለች በመጨረሻ። "ጽሑፉ ብቻ ነው የሚታየኝ። ሻጮቹ መክፈትሽን እያወቁ ነው በማስታወቂያ የሚያጥለቀልቁሽ ብላኝ ነው። እኔ ሻጭ ነበር የፈራሁት።"

ጠመኔ ውሃ ሆነች።

"እና እንደ ሸሚዝ ስትገለብጪኝ ከረምሽ? አንዴ ደውለሽ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?"

"ምልክቱን አምኜ..."

ቁልፊቱ ጃንጥላዋን አንስታ ወደ በሩ ሄደች። ጠመኔ፣ ይህ በር አሁን ከተዘጋ ዳግመኛ እንደማይንኳኳ ገባት። ቁልፊቱ እጀታውን ይዛ ቆመች።

"ያ ከሁሉ በላይ አረንጓዴ የሆነው ደግሞ ማነው?"

"አለቃ።"

"አለቃ?" ቁልፊቱ ሳቋን መያዝ አቃታት። "አለቃ የይለፍ ቃሉ ጠፍቶበት ኢሜይል ከተወ ዓመቱ! ያቺ ጠመኔ ምን ጻፈች እያለ እኔን አይደል እንዴ የሚጠይቀኝ!"

ጠመኔ ለምራቷ ደወለች። ምራቷም አንዳንዱ የኢሜይል ድርጅት ሰውየው ሳይነካው ምስሉን ራሱ አስቀድሞ እንደሚያስመጣ አስረዳቻት። "ማሽን ነው እማዬ፣ ሰው አይደለም።"

"ለማሽን ነዋ ከወንበሬ የተነሳሁት!" አለች ጠመኔ። "በይ ልጄ፣ ያቺን ምስል አሁኑኑ አውጪልኝ።"

"ከዚያስ ማን እንዳነበበ በምን ታውቂያለሽ?"

ቁልፊቱ ስልኩን ከእጇ ነጠቀች። "አፍ አላት፣ ትጠይቃለች!" አለችና ስልኩን መልሳ ወጣች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም።

ሰኞ ጠዋት ጠመኔ የቁልፊቱን ስም ዝርዝሩ ውስጥ መልሳ ደብዳቤውን ለሠላሳ አንዱም ላከች። ገጹን ብትከፍተው ስሞቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሚያልፍም የሚመለስም የለም። እጇ ሥራ ፈታ። የመጋረጃውን አንድ ጠርዝ ሦስት ጊዜ ፈትታ ሦስት ጊዜ ዘመዘመችው። እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ስልኩ ጮኸ።

"ሁለተኛው አንቀጽ ላይ የቁልፊቱ ጉልበት ተሽሎታል ብለሻል" አለች ቁልፊቱ፣ ሰላምታም ሳትሰጥ። "ማን ነገረሽ? አልተሻለኝም። ቀይ ነው። አርመሽ መልሺው።"

ጠመኔ "እሺ" አለች፤ መነጽሯንም ፈለገች። መነጽሩ አፍንጫዋ ላይ ነበር።