አራት ገመድ ያለው አጎበር

የያዙኝ ስብሰባው ባለቀ በሦስተኛው ቀን ነው። ሁለት ሰዎች ደጄ ላይ ቆመው "ለአንድ ጥያቄ ትፈለጋለህ" አሉኝ። የጫማዬን ክር እንኳ ሳላስር ወጣሁ። ኮኪት በምትባል የቆላ ከተማ በጤና መኮንንነት ስሠራ ለመናገር እጄን ያወጣሁት በዚያ ስብሰባ ብቻ ነበር። ያልኩትም ብዙ አልነበረም። ሰሊጥ ሊያጭድ ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛ የአሸዋ ዝንብ በሚያስተላልፈው በካላዛር የሚያልቀው በመድኃኒት እጦት ብቻ አይደለም፤ ሜዳ ላይ ስለሚያድርና ሲያመው ሥራውን እንዳይነጠቅ ስለሚደብቅ ነው አልኩ። ሠራተኛ ማሳደም ተባለ።

ያስገቡኝ ድሮ የሰሊጥ መጋዘን በነበረ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። ወለሉ የተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈር ነው። በስንጥቁ ውስጥ የቀረውን ሰሊጥ በጥፍሬ እየለቀምኩ እበላ ነበር፤ ርቦኝ ሳይሆን የምሠራው ስላጣሁ። ፀሐዩ ሲበረታ ቆርቆሮው ይንጣጣል፤ ከሙቀቱ ጋር የከረመ የፀረ ተባይ ሽታ ይነሳል። ከግድግዳው ማዶ ወደ ድንበሩ የሚወርዱ የጭነት መኪኖች ይሰማሉ።

ብቻዬን ነበርኩ። ሰው መናፈቅ እንዲህ እንደሚያዋርድ አላውቅም ነበር። ዘበኛው ምግብ ሲያቀብለኝ ይሰድበኛል፤ እኔ ደግሞ ስድቡ ረዘም እንዲልልኝ ብዬ መልስ እሰጠዋለሁ። ከሄደ በኋላ የተባባልነውን እየደጋገምኩ እውላለሁ።

በአራተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት በሩ ተከፈተና አንድ የቀን ሠራተኛ ገፍተው አስገቡ። ከጎጃም የመጣ ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። መንገድ ላይ መታወቂያ ስላልያዘ ነው ያሰሩት። ኩታውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ "እንደምን አደሩ?" አለኝ። እንባዬ መጣ። ከዚያ አፌ አልገጠም አለ፤ ስለ መንደሩ፣ ስለ በሬዎቹ፣ ስለ እናቱ ስጠይቀው አረፈድኩ።

ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲብስ ሸሚዙን አወለቀ። ሆዱን አየሁት። የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ ይታያል፤ ግራ ጎኑ ግን ተነፍቷል። እዚያው ላይ ሦስት ጠባሳ አለ፤ ጣፊያ ነው ብለው በጋለ ብረት ተኩሰውታል። እጄን አሳረፍኩበት። ጣፊያው ከእምብርቱ አልፎ ወርዷል።

"ትኩሳቱ ከጀመረህ ስንት ጊዜ ሆነህ?"

"ከአረሙ ጀምሮ። ይተወኛል፣ ይመለሳል። ወባ ነው ብየ ኪኒን ስውጥ ከረምሁ።"

"ለምን ሐኪም ቤት አልሄድህም?"

"ታሟል ከተባልሁ በቦታየ ሌላ ሰው ይገባል። ሰሊጥ ደግሞ ቀን አይሰጥም፤ ካልታጨደ ይረግፋል።" ትኩር ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። "አንቱ እኮ ነዎት አምና አጎበር ያደሉን!"

ደስ አለኝ። በሥራ ድምፄ "ታዲያ የት አደረስኸው?" አልኩት።

"ለናቴ ሰደድሁላት። ጫጩቶቿን ከጭልፊት ትጋርድበታለች።"

"አጎበር ለጫጩት ነው እንዴ የተሰጠህ?"

"ኧረ ሐኪም! አጎበሩ አራት ገመድ አለው። ሜዳው ላይ ያለው ዛፍ አንድ ነው፣ እኛ አርባ ነን። ምን ላይ ልሰረው?"

አጎበር ባደልን ቁጥር ሁለቱን ጫፍ እኔ፣ ሁለቱን ጫፍ ባልደረባዬ ወጥረን ይዘን ሠራተኛ ከሥሩ እያስተኛን አሠራሩን እናሳይ ነበር። ያጨበጭቡልናል። እኛ ስንሄድ ጫፎቹን ማን እንደሚይዝላቸው አስቤ አላውቅም።

በዚያው ሰዓት በሩን መደብደብ ነበረብኝ። አልደበደብኩም። ከተናገርኩ ይወስዱታል፤ እኔም ወደ ቆርቆሮዬና ወደ ሰሊጤ እመለሳለሁ። ወራት የተሸከመው ሕመም ነው፣ አንድ ቀን ምን ይጨምርበታል አልኩ። ዘበኛው ዛሬ ተቆጥቷል አልኩ። ቀኑ እስኪመሽ አወጋን፤ ስለ አንድ ቀጣሪው ፍየል ነግሮኝ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እዚያ ካሳለፍኳቸው ቀኖች ሁሉ ጥሩው ያ ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

በማግስቱ ጠዋት አፍንጫው ደማ። ቆንጥጬ ብይዘውም አልቆም አለ። ሸሚዙ ራሰ፤ ከንፈሩ ነጣ። ተነስቼ በሩን በተረከዜ ደበደብኩት።

ዘበኛው ከፈተ። "ምን ሆነህ ነው?"

"ይህ ልጅ ካላዛር ይዞታል። ዛሬውኑ ሆስፒታል ካልደረሰ ይሞታል።"

"እዚህ ያመጣችህ ይችው ወሬ አይደለችም? አሁንም አፍህ አልዘጋ አለ?"

"አልዘጋም። ጋሼ፣ እጅዎን ይስጡኝ።" መልሱን ሳልጠብቅ እጁን ስቤ የልጁ ሆድ ላይ አሳረፍኩት። ዘበኛው የቆላ ገበሬ ልጅ ነው። እጁን ቶሎ አላነሳም። ፊቱ ተለወጠ።

"ወንድሜን የበላው ይኸው ነው" አለ ቀስ ብሎ። በሩን ሳይቆልፍ መኪና ሊጠይቅ ሮጠ።

መኪናው እስኪመጣ ልጁን አስተኛሁት። እሱ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ተነሳ። ጥግ ላይ ከወደቀው አሮጌ ጆንያ ክር መዘዘ፤ ኩታውን አውልቆ አራቱን ጫፍ በክሩ ቋጠረ። ከዚያ እኔ ከምተኛበት በላይ፣ በግድግዳው እንጨት ላይ ካሉት ምስማሮች ጋር እንደ አጎበር አሰረው። ተው፣ አንተን ይበርድሃል ብዬ ብከለክለውም አልሰማኝም።

"አንቱ እንኳ ግድግዳ አለዎት" አለኝ።

ትናንት አውቄ ዝም እንዳልኩ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ቃል ሳላወጣ ሁለት ሰዎች ገብተው ደግፈው አወጡት። "እግዜር ይማርህ" አልኩት። "እግዜር ያስፈታዎት" አለኝ። መኪናው ሲርቅ እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት።

ስፈታ ከቤቴ በፊት የሄድኩት ልጁ ወደተወሰደበት ገንዳ ውሃ ሆስፒታል ነው። መርፌውን ጨርሶ፣ ድኖ፣ በእግሩ ወጥቶ ሄደ አሉኝ።

አሁን ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። ሠራተኛ ሲመጣ አጎበር አለህ ወይ ከማለቴ በፊት የት እንደሚያድር እጠይቀዋለሁ። የሚሉኝን ጽፌ ለበላይ አካል እልካለሁ፤ እስካሁን መልስ አልመጣም። ሰዎች በስብሰባው ስለተናገርኩት ያመሰግኑኛል፤ ምስጋናውንም ዝም ብዬ እቀበላለሁ። በክፍሉ ውስጥ ዝም ስላልኩበት ቀን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ኩታው ታጥቦ ቤቴ ተቀምጧል፤ የጆንያው ክር አሁንም ጫፎቹ ላይ አለ። በየዓመቱ የአጨዳ ሠራተኞች ከመኪና ሲወርዱ መንገድ ዳር ቆሜ ፊታቸውን አያለሁ። ካገኘሁት ኩታውን እመልስለታለሁ፤ ስለዚያ ቀንም እነግረዋለሁ።