በታኅሣሥ ብርድ፣ በጋሽ ደምሴ ካሚዮን፣ ከካዛንቺስ ጀሞ

ካዛንቺስ፣ ጎህ ሳይቀድ

መኪናቸውን ከበረዶ ሥር በአካፋ ዝቀው አውጥተው ሥራ የሚሄዱ ሰዎች በዓለም ላይ አሉ። ይህን ማስታወሻ ቢያነቡ ይስቁብናል። ይሳቁ። እነሱ ለብርድ የተሠራ ልብስ፣ ለብርድ የተሠራ ቤት፣ ለብርድ የተሠራ መኪና አላቸው። እኛ ያለን አንድ ጋቢ ነው፤ እሱንም ተከናንበን "የዘንድሮ ብርድስ ጉድ ነው" እንባባላለን።

ከአፋርም ከባሌም የጉዞ ማስታወሻ ጽፌ አውቃለሁ። የዛሬው ጉዞዬ ከካዛንቺስ ጀሞ ነው። ሰው በታክሲ እያንቀላፋ የሚሄደው መንገድ ነው፤ እኔን ግን ከሁሉም በላይ ያደከመኝ ይኸው ነው።

ጋሽ ደምሴ ትናንት ማታ አረፉ። ካዛንቺስ ተወልደው፣ ካዛንቺስ አርጅተው፣ ሰፈራችን ሲፈርስ ጀሞ ኮንዶሚኒየም የደረሳቸው የካሚዮን ሾፌር ነበሩ። ቤታችን ፈረሰ እንጂ እድራችን አልፈረሰም። አባላቱ በየአቅጣጫው ቢበተኑም ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ድስቱ ከመፍረስ በተረፈች አንዲት የካዛንቺስ ግቢ ውስጥ ተቀምጧል። ለቅሶ በደረሰ ቁጥር ዕቃውን የሚያደርሱት ጋሽ ደምሴ ነበሩ፣ በዚያች የጣሊያን ሥሪት አሮጌ ካሚዮናቸው። አሁን የእሳቸውን ድንኳን በእሳቸው መኪና፣ ያለ እሳቸው ልናደርስ ነው። መኪናዋ ደግሞ እሳቸው ሆስፒታል ከገቡ ጀምሮ ከግቢው አልተንቀሳቀሰችም።

ልጃቸው ሶስና ገና በጨለማ ደወለች። "የጀሞ እድር ሰዎች ድንኳናቸውን ይዘው ደጅ ቆመዋል። ፀሐይ እስክትወጣ ጠብቁልን ብያቸዋለሁ" አለች። የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ግዛቸው፣ ጡረታ ቢወጡም አሁንም ስብሰባ ላይ ያሉ የሚመስሉ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ስልኩን ዘግተው ወደ እኛ ዞሩ።

"ደምሴ ደጃፍ ላይ የሌላ እድር ድንኳን ከተተከለ አለቀልን ማለት ነው" አሉ። "ማኅተሙን አስረክበን እያንዳንዳችን ቤታችን እንቀመጥ።"

"ሰፈር ሳይኖር ምን እድር አለ?" ሲሉን ከርመዋል፤ ዛሬ መልስ መስጠት ነበረብን።

ካዛንቺስ፣ አሁንም

ዕቃውን ጫንን። መሪው ላይ የተቀመጠው ሙክታር ነው። የወሎ ልጅ፣ የካዛንቺስ ሰው፣ የሚኒባስ ታክሲ ሾፌር። ካሚዮን ነድቶ አያውቅም፤ "በቃ መሪ መሪ ነው" ይላል። "ቢስሚላህ" ብሎ ቁልፉን አዞረ። ማስነሻ ሞተሪኖው እንደ ታመመ ሰው ሁለቴ አቃሰተና ዝም አለ። በጤዛ የደበዘዘውን መስታወት በመዳፌ ጠረግሁት፤ መዳፌ ደነዘዘ።

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና አልነሳ ሲል ባትሪ ይጠፋ ይሆናል እንጂ አስተያየት አይጠፋም። አንዱ "ናፍጣው ረግቶ ነው" አለ። ሌላው "ዘይቱ ነው" አለ። መኪና ኖሮት የማያውቅ ሦስተኛው ሰውዬ ኮፈኑን ከፍቶ ውስጡን በቁም ነገር ተመለከተና "አሃ!" ብሎ መልሶ ዘጋው። ምን እንዳየ እስካሁን አልነገረንም።

ከሁሉም የባሰው የባንክ ሠራተኛው ዮናስ ነበር። ማታ ማታ ከመተኛቱ በፊት የሳይቤሪያ ሾፌሮችን ቪዲዮ የማየት ልማድ አለው፤ ለምን እንደሆነ ሚስቱም አታውቅም። ስልኩን አወጣልን። ጢሙ በረዶ የሆነ ሰውዬ ከካሚዮኑ ሆድ ሥር እሳት አንድዶ ይጠብቃል።

"አያችሁ? ማለቴ፣ ሲስተሙ ይሄ ነው። ዘይቱ ሲሞቅ ሞተሩ ይላላል።"

"ያ ሳይቤሪያ ነው፤ ይሄ ካዛንቺስ ነው" አልኩት።

"ብርድ ብርድ ነው" አለኝ። ከሙክታር ጋር አንድ ትምህርት ቤት የተማረ ይመስላል።

ወጥ የምንሠራበት ትልቁ የእድር ምድጃ ወጣ። ከሰል ተቀጣጠለ፣ ተራገበ፣ ከሞተሩ ሥር ተገፋ። እንግዲህ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት፤ የተከበርን ሽማግሌዎችና የባንክ ባለሙያ ካሚዮን ከበን በሰፌድ እናራግባለን። ከግቢው በር ውጭ አዲሱ የኮሪደር ልማት መንገድ በመብራት ያንጸባርቃል። ዘንባባው ተተክሏል፣ የብስክሌት መንገዱ ተቀብቷል። ብስክሌቱ ገና አልመጣም።

ጭሱን አይቶ ደንብ አስከባሪ መጣ።

"ምን እየጠበሳችሁ ነው?"

"መኪና" አሉ አቶ ግዛቸው።

"በኮሪደሩ ዳር እሳት ክልክል ነው። ፈቃድ አላችሁ?"

"ልጄ፣ መኪና ለማሞቅ ፈቃድ የሚሰጥ ቢሮ ካለ ንገረኝና አሁኑኑ ልሰለፍ።"

ለቅሶ መሆኑን ስንነግረው ቆቡን አወለቀ። "ነፍስ ይማር" አለና ምድጃውን ራሱ ጎትቶ አወጣው። እሳቱ ሲከለከል የቀረን መግፋት ነበር፤ እሱም ከኋላ ከእኛ ጋር መግፋት ጀመረ። እየገፋም "የብስክሌት መንገዱን አትርገጡ! ኧረ አበባው!" ይለናል። እንዲህ ያለ ታማኝ ሠራተኛ አይቼ አላውቅም።

በሩን አልፈን ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስንደርስ መኪናዋ በራሷ መንከባለል ጀመረች። "ሁለተኛ ማርሽ! ፍሪሲዮን ልቀቅ!" ብለን በአንድ ድምፅ ጮህን። ሙክታር ለቀቀ። ካሚዮኗ ተንገጫገጨች፣ ሳለች፣ ከማርሚታዋ የተፋችው ጥቁር ጭስ ዘንባባውንም መብራቱንም ዋጠው። ተነሣች! አቶ ግዛቸው ከነጋቢያቸው ሮጠው ጋቢናው ውስጥ ዘለው ሲገቡ እኚያ የጉልበታቸው ሕመም የት እንደሄደ አልገባኝም። እኔ ተከተልኳቸው። ዮናስና ሌሎቹ ከኋላ ድንኳኑ ላይ ወጡ።

ኦሎምፒያ፣ ሲነጋጋ

ወደ ኦሎምፒያ ልንሄድ አላሰብንም ነበር። መንገዱን የመረጠልን ቁልቁለቱ ነው።

ጋቢናው ውስጥ ከውጭ የባሰ ይበርዳል። የግራው መስኮት አይዘጋም፣ የቀኙ አይከፈትም። ከወለሉ ቀዳዳ አስፋልቱ ይታያል፤ ነፋሱም በዚያው ገብቶ በሱሪ ውስጥ ሽቅብ ይወጣል። ትንፋሻችን መስታወቱን ያደበዝዘዋል፣ አቶ ግዛቸው በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጉታል። መጥረጊያውን የነካ ሰው የለም፤ ባትሪዋን እንዳናስቀይማት ፈርተናል።

ታክሲ ፌርማታው ላይ የቢሮ ሰዎች እጃቸውን ኪስ ከትተው፣ ከቅዝቃዜው የተነሣ እየዘለሉ ተሰልፈዋል። ሙክታር ሰልፉን ሲያይ ልማዱ አሸነፈው። ዳር ያዘ፣ ጡሩንባውን ነፋ፣ አንገቱን በማይዘጋው መስኮት አወጣ።

"ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! ሁለት ሰው!"

"አንተ ሰውዬ አበድክ?" አሉ አቶ ግዛቸው።

"ይቅርታ ጋሼ፣ አፌ ነው።"

አፉ ይቅርታ እስኪጠይቅ ሁለቱ ሰዎች ወጥተዋል። አንዱ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ቦርሳ ያንጠለጠለ ጎልማሳ የእድሩ አግዳሚ ላይ ፊጥ ብሎ ተቀመጠና የኋላውን መስኮት አንኳኳ።

"ስንት ነው ሒሳብ?"

"በነፃ ነው" አሉት አቶ ግዛቸው። "የሚሳፈረው ግን ለቅሶ ያለበት ሰው ነው።"

ሰውየው ድንኳኑን አየ፣ ድስቱን አየ፣ የታክሲውን ሰልፍ አየ። አልወረደም። ይልቁንም ከወረቀት ውስጥ ትኩስ ቦምቦሊኖ አውጥቶ በመስኮቱ አቀበለን። ቦምቦሊኖው እንደ ዘመኑ ነው፤ ዋጋው ሲያድግ እሱ ያንሳል። በደነዘዘ እጄ ይዤው በላሁ፤ እንደዚያ የጣመኝ ምግብ በቅርቡ አላስታውስም።

ሜክሲኮ፣ ፀሐይ ወጥታለች

ተሳፋሪዎቻችን "እግዜር ያጥናችሁ" ብለው እዚሁ ወረዱ። በእነሱ ምትክ ትራፊክ ፖሊስ መጣ። በዚህ ሰዓት የጭነት መኪና በዚህ መንገድ አያልፍም።

"ሞተሩን አጥፋ" አለው ሙክታርን።

"ኧረ በአላህ! ካጠፋሁት እኮ አብረኸን ልትገፋ ነው።"

ፖሊሱ ከኋላ የተቀመጡትን ሰዎች ፊት አየ። ሁላችንም በከሰል ጠቁረናል። ለቅሶ መሆኑን ነገርነው፤ በሐዘኔታ አዳመጠ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ቅጣቱን ጻፈ፣ ከዚያም "ነፍስ ይማር" ብሎ መንገዱን ከፈተልን። ርኅራኄና ደረሰኝ በአንድ እጅ ሲሰጡ እዚህ ከተማ ውስጥ ብቻ ነው ያየሁት።

ሶስና እንደገና ደወለች። አቶ ግዛቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡ።

"ለድንኳናቸው ቋሚ መቆፈር ጀምረዋል" አሉን። ከዚያ በኋላ መስታወቱን መጥረግ ተዉ። እኔም መቀለድ አልቻልኩም። ከኋላችን ያለው ድንኳን የአባቴን ለቅሶ ያሳለፍንበት ነው።

ጀሞ

ኮንዶሚኒየሞቹ መሐል ስንገባ የጀሞ እድር ሁለት ቋሚ ተክሎ ሦስተኛውን እያቆመ ነበር። ለቀስተኛው በሕንፃው ጥላ ውስጥ በብርድ ተኮማትሮ ቆሟል። አቶ ግዛቸው መኪናዋ ሳትቆም ወርደው "ቆይ! ቆይ! መጥተናል!" እያሉ ሮጡ።

የጀሞው ሰብሳቢ ትሑት ሰው ነው። "አባቴ፣ ልፋታችሁን እናደንቃለን" አለ። "ግን ሰው ብርድ ላይ ነው። ደግሞ ጋሽ ደምሴ አሁን የእኛ ሰፈር ሰው ናቸው።"

አቶ ግዛቸው ጋቢያቸውን አጣፉ። ምን ይበሉ? ሰውየው እውነቱን ነው። ካሚዮኗ ከኋላችን ትንደቀደቃለች፣ ጭሷ ለቀስተኛውን ያስላል። እኔ በልቤ ድንኳኑን መልሰን የምንጭንበትን ማሰብ ጀመርኩ።

በዚህ መሐል ከምድር ቤቱ በር ላይ ግርግር ተነሣ። የጋሽ ደምሴ ባለቤት እትዬ ዘነበች ከተቀመጡበት ፍራሽ ተነሥተው፣ በባዶ እግራቸው ወጡ። ሴቶቹ ሊይዟቸው ሞከሩ፤ እጃቸውን አስለቀቁ። ዓይናቸው ካሚዮኗ ላይ ነው።

"መጣ" አሉ። "ውኃ አሙቁለት፤ እጁ ቀዝቅዟል።"

ሶስና "እማዬ…" ብላ አፏን ያዘች። ሞተሩ አሁንም ይንደቀደቃል።

ሙክታር ከጋቢናው እየወረደ ነበር። እትዬ ዘነበች ቀጥ ብለው ወደ እሱ ሄዱና በከሰል የጠቆሩትን ሁለት እጆቹን ያዙ። ፊቱን ቀና ብለው አላዩትም።

"ምን አቆየህ?" አሉት።

ካዛንቺስ ውስጥ የሙክታርን አፍ የዘጋ ሰው የለም። አሁን ግን እጆቹን ሳያስለቅቅ፣ ቀስ ብሎ፣ "ብርዱ ነው። አልነሣ ብላኝ ነው" አለ።

"እሷማ ልማዷ ነው" አሉ እጆቹን በእጃቸው እያሹ።

የጀሞው ሰብሳቢ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ከዚያም ሄዶ የተከሉትን ቋሚ መንቀል ጀመረ።