ካርቴጅን ሰጠሁሽ

የያዙኝ ከክፍል ነው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሜዲትራኒያንን ባሕር ስዬ ሳልጨርስ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች በሩ ላይ ቆሙ። «ጓድ መምህርት፣ ለአንድ አፍታ ትፈለጊያለሽ» አለኝ አንደኛው፣ ተማሪዎቹን ላለማስደንገጥ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ጠመኔውን ኪሴ ከትቼ ተከተልኳቸው። በዚያ ዘመን ናዝሬት ውስጥ ለአንድ አፍታ ተፈልጎ ባንድ አፍታ የተመለሰ ሰው አላውቅም። ጠመኔውን ለምን ያዝሽው ብትሉኝ ግን እጥረት ስለነበረ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ያሰሩን ከባለቤቱ በተወረሰ ቪላ ጋራዥ ውስጥ ነበር። አጥሩን ቡገንቪላ ስለሸፈነው ከውጭ ላየው ሰርግ የሚደገስበት ቤት ይመስላል። የጋራዡ በር ቆርቆሮ ነው፤ ረፋዱ ላይ መጋል ይጀምራል፣ እኩለ ቀን ላይ እጅ አያስነካም። ወለሉ መሀል የሞተር ዘይት የጠጣ ትልቅ እድፍ አለ። ከውጭ የጋሪ ፈረሶች ኮቴ ይሰማናል፤ ባቡር ሲገባ ደግሞ ሲሚንቶው ከጀርባችን ስር ይንቀጠቀጣል። በሩ ላይ የምስማር ቀዳዳዎች ነበሩ። እኛ በነሱ ብርሃን እናገኛለን፤ ጠባቂዎቹ በነሱ ምን እንደሚሰሙ ግን አናውቅም።

ሁለት ሴቶች ቀድመውኝ ገብተዋል። አንደኛዋ እህል ነጋዴ የነበሩ አሮጊት ናቸው፤ «ልጆችሽን አምጪ» ተብለው የታሰሩ። እማማ እንላቸዋለን። ሌላዋ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ነች፣ እኩያዬ። ስገባ ጋቢዋን አካፍላ ያለበሰችኝ እሷ ነች፤ ጠጉሬንም የምትጎነጉንልኝ እሷ ነበረች። ወደድኳት። ወድጄአት ሳለሁም «ይህችስ ለምን እንዲህ ደግ ሆነችልኝ?» እያልኩ አስብ ነበር። እስር ቤት ደግነትን እንኳ በጥርጣሬ ያስበላል።

እኔ የታሰርኩት በወንድሜ ነው። ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ወረቀት በትነሃል ተብሎ ይፈለጋል። ያን ጊዜ ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ካሉት ደሴቶች በአንዷ ላይ፣ የአባታችን ወዳጅ የነበሩ አንድ ጀልባ ቀዛፊ ዘንድ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል። ከኔ በቀር ናዝሬት ውስጥ ይህን የሚያውቅ አልነበረም። በእንቅልፌ እንዳልናገር አፌን በነጠላ አስሬ ነበር የምተኛው። ታይፒስቷ «ጥርስሽን ያምሻል እንዴ?» ስትለኝ «አዎ፣ ያመኛል» እላታለሁ።

ቀኑን የምንገፋው በእንቆቅልሽ ነበር። ሦስት ትልልቅ ሴቶች እንደ ልጅ «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልሽ!» ስንባባል ላየን ያበድን እንመስላለን። ያቃተው ሀገር ይሰጣል፤ ያሸነፈው «ገብቼ ምን አጥቼ!» እያለ የተሸነፈውን ይሰድባል። እኛ ግን ሁለት ሕግ ጨመርንበት። አንደኛው፣ ያገር ውስጥ ከተማ አይሰጥም። አሰላን የሰጠች ሴት በማግስቱ «አሰላ ማን አለሽ?» ትባላለች። ሁለተኛው፣ የሰው ስም አይነሳም፤ ከሞተ ሺህ ዓመት ያለፈውም ቢሆን።

ስለዚህ የዓለም ታላላቅ ከተሞች የኛ መጫወቻ ሆኑ። በጠመኔዬ የዘይቱን እድፍ ዙሪያ አሰመርኩና ባሕር አደረግኩት። እዚህ ጋ ሮም፣ እዚያ ማዶ ካርቴጅ፣ ወደ ምሥራቅ ቁስጥንጥንያ። አንዲቷ ከተማ በተሰጠች ቁጥር ታሪኳን እነግራቸዋለሁ። እማማ ኢየሩሳሌምን ለማንም አልሰጡም፤ ባቢሎንን ደግሞ «የተረገመች ናት፣ ለጠላቴም አልሰጣት» ብለው ረገሙልን። ታይፒስቷ ፓሪስን ወደደች። «ገብቼ ምን አጥቼ! ሽቶው በኔ፣ ቤንዚኑ ባንቺ» ስትለኝ ከልቤ ሳቅኩ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ በሩ ተከፈተና አራተኛዋ ገባች። ወፈር ያለች፣ ነጠላዋ የታጠበ። «አካም ጅርቱ፣ እህቶቼ» ብላ እንደ እንግዳ ቆመች። ዓሣ ነጋዴ ነኝ አለች። ከየት ስንላት «ዝዋይ» አለች፣ እንደ ቀላል ነገር።

እጄ ላይ የነበረውን የውሃ ጣሳ መሬት አስቀመጥኩት።

ታይፒስቷ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። «አሸተትሻት? ዓሣ ነጋዴ ሆና ሎሚ ሎሚ ነው የምትለው።»

እውነቷን ነበር። እማማ ግን ነገር በልባቸው አያሳድሩም። «ልጄ፣ ዓሣሽ የት አለ? ሽታው እንኳ የለብሽም» አሏት ፊት ለፊት።

«ሰርግ ልሄድ በሎሚ ታጥቤ ስወጣ ነው የያዙኝ፣ አዳ» አለች እየሳቀች። «ከተመን በላይ ሸጠሻል ብለው።»

ከተመን በላይ የሸጠ ሰው ከኛ ጋር ምን ያደርጋል? ማናችንም አልጠየቅናትም፤ ሁላችንም ግን አሰብነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷ ባለችበት ስጫወት ቃሌን እየመዘንኩ ሆነ።

በማግስቱ ካርቴጅ ደረሰችኝ። ዝሆን እየነዳ የበረዶ ተራራ ተሻግሮ ሮምን ስላንቀጠቀጠው የጦር አዛዥ ነገርኳቸው። በሕጋችን መሠረት ስሙን ሳልጠራ «ዝሆን ነጂው» አልኩት። ከተማይቱን ሮማውያን በኋላ እንዴት እንዳቃጠሏት፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንዳልተዉባት አወራሁ። እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙ ቆዩና «ወንድም አልነበረውም?» አሉ።

ነበረው። ሊረዳው ጦር ይዞ ሲመጣ ሮማውያን መንገድ ላይ ጠብቀው ገደሉት፤ ራሱን ቆርጠው ታላቅየው ሰፈር ወረወሩለት። ይህን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አስተምሬዋለሁ። ያን ዕለት ግን ሦስቱም ፊቴን ያዩኝ ነበር።

«አልነበረውም» አልኩ። «ብቸኛ ልጅ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ልብስ እንድናጥብ ሁለት ሁለት እያደረጉ ሲያወጡን ዓሣ ነጋዴዋ ከኔ ጋር ደረሳት። ጠባቂው ጥላ ፍለጋ ራቅ ብሎ ተቀምጧል። ቧንቧው ሲንፏፏ ተጠግታኝ፣ ዓይኗን ከልብሱ ሳታነሳ «መምህርት፣ የናንተ ሩቅ ሀገር ለኔ ምን ያደርግልኛል? ዝዋይን ስጪኝ። አልጥልብሽም» አለችኝ።

«ሕጉን ታውቂያለሽ» አልኳት። የታጠበውን ልብስ ደግሜ አጠብኩት።

በማግስቱ መርማሪው አስጠራኝ። ቢሮው የቪላው ሳሎን ነው። መነጽር ያደረገ፣ ቀጭን፣ የተማረ ሰው ነበር። በቢላዋ ብርቱካን እየላጠ ነበር፤ ሽታው አፌን ውሃ ሞላው፤ ተናደድኩ፣ በገዛ ምራቄ።

«ካርቴጅ ማን ነው?» አለ።

«ከተማ ናት፣ ጓድ።»

«ባቢሎንስ? ፓሪስስ? የማን የማን የሚስጥር ስም ናቸው?»

እንቆቅልሽ ነው ብዬ አስረዳሁት። ጋራዡ ውስጥ የተባለው ሁሉ፣ የሎሚውና የሽቶው ቀልድ ሳይቀር፣ ደርሶታል። ብርቱካኑን ልጦ ጨረሰና ቀና አለ።

«ዝሆን ነጂው ወንድም የለውም ብለሻል። እኔ ስማር ነበረው።»

ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«የታሪክ አስተማሪ ይህን አይረሳም። አንቺ ወንድም የሚባል ነገር ሲነሳ ነው የምትረሺው። ያንቺም ቢሆን ከሞጆ ወደ ደቡብ ወርዷል። ከነገ ወዲያ እስከ ሻሸመኔ ያለውን ከተማና ሐይቅ አንድ በአንድ እናበጥረዋለን። ተናግረሽ ራስሽን አድኚ።» ከዚያ ወንበሩ ላይ ተደላደለ። «እሺ፣ እንጫወት። እንቆቅልሽ።»

እስከዚያ ድረስ አንቱ ነበር የምለው። ጨዋታው ግን አንቱታ አያውቅም።

«ምን አውቅልህ» አልኩት።

«አንድ ጡት የጠቡ ሁለት ናቸው። አንዷ በእጄ ናት፣ ሌላው ከእጄ ወጥቷል።»

«አላውቀውም።»

«እንግዲያው ሀገር ስጪኝ።»

አንገቴን ቀና አድርጌ አየሁት። «ሮምን ሰጠሁህ።»

ፈገግ ያለ መሰለኝ፤ ያንን አልጠበቅኩም። ከዚያ የሆነውን እዚህ አልዘረዝርም። ወደ ጋራዡ ተደግፌ ተመለስኩ፤ ውስጥ እግሬን ሲሚንቶው ላይ ማሳረፍ አልቻልኩም። ታይፒስቷ በራሷ የመጠጥ ውሃ እግሬን አጠበችልኝ። እኔ ግን ሕመሙን እንኳ በወጉ አልሰማሁትም፤ ሐሳቤ ሁሉ አንድ ነገር ላይ ነበር። ከነገ ወዲያ።

መርማሪው ስለ ዝዋይ ልመናዋ አላነሳም። ወይ ዓሣ ነጋዴዋ አልነገረችውም፤ ወይ ነግራው፣ እንዳምናትና ወንድሜን በእጄ እንዳስረክባት ሆን ብሎ ዘለለው። ሁለቱም ይሆናል። አንዱን ሳነሳ አንዱን ስጥል ጠባቂው በሩን ከፈተ። «ዓሣ ሻጯ! ዕቃሽን ያዢ፣ ወደ ቤትሽ።»

ታይፒስቷ ክንዴን ጨበጠችኝ። «እንዲህ ቶሎ ማን ይፈታል? አደራሽን፣ አንድ ነገር እንዳትነግሪያት።»

ዓሣ ነጋዴዋ ነጠላዋን አጣፋች፤ እማማ መረቋት። በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች። ጠባቂው ጎኗ ቆሟል።

«እኛ በኦሮምኛ ሂቦ እንለዋለን» አለች። «መሰናበቻዬን አንድ ልጠይቅሽ፣ መምህርት። እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልሽ።»

«ሲሄድ ይውላል፣ ሲሄድ ያድራል፤ ባሕር ግን አይደርስም።»

ናዝሬት ያደገ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። አዋሽ ነው። እኔ ደግሞ ካርታውን ስንት ጊዜ ስያለሁ፤ በረሃ ውስጥ ገብቶ የሚቀር ወንዝ ነው። ጠባቂው እንኳ መልሱ ከንፈሩ ላይ ደርሶ ይቁነጠነጣል።

«አላውቀውም» አልኩ።

«ሀገር ስጪኛ!»

ሁሉም ይሰማል። ዝዋይ የሚል ቃል ከአፌ ከወጣ ወንድሜ አለቀለት፤ ምንም ካላልኩም አለቀለት። ዓይኗን አየሁት። ቧንቧው ዳር እንዳደረገችው አላጎነበሰችም፤ አተኩራ አየችኝ።

«ካርቴጅን ሰጠሁሽ» አልኳት። «ነገር ግን ፍጠኚ፤ ሮማውያኑ መንገድ ላይ ናቸው። እዚያ ያለ ሰው ዛሬውኑ ይውጣ።»

«ኤዬ፣ እሺ» አለች፣ በቀስታ። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሳቀች። «ካርቴጅ ገብቼ ምን አጥቼ! ዓሣው በኔ፣ እሾሁ ባንቺ! አዋሽ ነዋ፣ መምህርት ተብዬ!»

ጠባቂውም ሳቀ። በሩ ተዘጋ። ወንድሜን ሸጬው ይሁን አድኜው ይሁን ሳላውቅ ያን ጋራዥ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተቀመጥኩ።

ወንድሜን ያገኘሁት መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ ከኬንያ ሲመለስ ነው። መጀመሪያ የነገረኝ ስለ እሷ ነበር። ዓሣ ከቀዛፊው ስትወስድ ታየው ነበር፤ ያን ዕለትም ፀሐይ ሳትጠልቅ በዓሣ ጀልባ ደሴቷ ድረስ መጣች አለኝ። «አፍንጫችሁ አንድ ስለሆነ ገና ጋራዡ ስገባ አውቄያት ነበር» ብላዋለች። ከዚያም «እህትህ ካርቴጅን ሰጥታሃለች፤ ሮማውያን መንገድ ላይ ናቸው» አለችው።

«እንዲህ ዓይነት መልእክት ካንቺ በቀር ማን ይልካል? ለዚህ ነው ያመንኳት» አለኝ ወንድሜ።

ዝዋይ ወርጄ ፈለግኳት። በሕጋችን ምክንያት ስሟን አልጠየቅኳትምና ዓሣ ነጋዴዎቹን «ወፈር ያለች፣ ሳቂታ» ከማለት ሌላ የምላቸው አልነበረኝም። ሐይቁ ዳር ደግሞ ወፈር ያለች ሳቂታ ዓሣ ነጋዴ ሞልታለች። አላገኘኋትም። እስካሁን ይቆጨኛል።

እንግዲህ እሷ ካልሆነች ለመርማሪው ወሬ የምታቀብለው ማን ነበረች? ምናልባት የምስማር ቀዳዳዎቹ ይሆናሉ። እማማን ልጠረጥር አልችልም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እችላለሁ። «ልጆችሽን እንተውልሻለን» ብንባል ማናችን ምን እንደምናደርግ እግዜር ነው የሚያውቀው። እሳቸው ልጆቻቸውን ሳያዩ ሞቱ፤ ነፍሳቸውን ይማር። የቀረችው እግሬን ያጠበችልኝ ናት።

ባለፈው አዳማ ገበያ ውስጥ አገኘኋት። ሁለታችንም ሸምግለናል። ተቃቅፈን ተሳሳምን፤ አለቀስን፣ የእውነት ለቅሶ። እጇን አልለቅ ብዬ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ልጆቿ ጠየቅኳት። እሷም ስለኔ ጠየቀችኝ። ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «ወንድምሽስ? ደህና ነው? አሁን የት ነው ያለው?» አለችኝ።

ወንድሜ ከጀርባዋ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ብርቱካን እያስመዘነ ነበር።

«ካርቴጅ» አልኳት።