ከዝርዝሩ የቀሩት ሦስት ወረዳዎች

ባለፈው ሳምንት አብራኝ የምትሠራ አንዲት ወጣት የጻፈችውን ኮድ እንድመለከትላት ሰጠችኝ። ስዊች የሚባለው የተለመደ አሠራር ነው፤ ሰው በቅጹ ላይ የሞላውን ከተዘረዘሩት መልሶች ጋር ያስተያያል፣ ከአንዱም ካልገጠመ ዲፎልት ወደተባለው የመጨረሻ መስመር ይልከዋል። እዚያ መስመር ላይ «አይመለከትዎትም» ብላ ጽፋለች። እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ መስመር ጽፌ ነበር።

ሐረር ኮሌጅ የገባሁበት ዓመት መጨረሻ ነበር። ለቀጣዩ ዓመት ትምህርት ለክልሉ ነዋሪዎች ብቻ የተያዙ ጥቂት ቦታዎች ነበሩ። የመመዝገቢያውን ገጽ እንድሠራ መምህራችን እኔን መረጡኝ። ሰው ማስደሰት የምወድ ልጅ ስለነበርኩ በሳምንት አድርሰው ያሉኝን በሦስት ቀን ጨረስኩት።

አጠገቤ የምትቀመጠው ፈቲያ ከድሬ ጠያራ ነበረች። ሰኞ ሰኞ ከቤቷ የተቆላ ለውዝ ታመጣለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ለውዟን እየፈለፈልኩ የወረዳዎቹን ስም ጻፍኩ፦ አሚር ኑር፣ አባድር፣ ሸንኮር፣ ጂንኤላ፣ አቦከር፣ ሐኪም። ከስድስቱ ውጭ የሆነውን ሁሉ ዲፎልቱ «የክልሉ ነዋሪ አይደሉም» ይለዋል። የክልሉ የገጠር ወረዳዎች፣ ሶፊ፣ ኤረርና ድሬ ጠያራ፣ ትዝም አላሉኝ። ለእኔ፣ ሸዋ በር አካባቢ ላደግሁት፣ ሐረር ማለት ባጃጅ የሚደርስበት ነበር። ከዚያ ወዲያ ለውዝ ይመጣል እንጂ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም መሰለኝ።

ምዝገባው ሦስት ቀን ብቻ ነበር። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ፈቲያ ግቢው በር ላይ አገኘችኝ።

«አቦ፣ ያንተ ኮምፒውተር የሐረር ሰው አይደለሽም አለኝ» አለች እየሳቀች። «አባቴ ቢሰማ፣ እርሻውን ወዴት ልናዞረው ነው ይላል።» ከዚያ ሳቋ ቀዘቀዘ። አባቷ ቦታውን ካገኘች እንድትቀጥል፣ ካላገኘች ወደ ቤት እንድትመለስ ነግረዋት ነበር። «ስህተት ይሆን እንዴ?»

ወዲያው ገባኝ። ግን ከአንድ ሰዓት በፊት መምህሩ ትከሻዬን ይዘው በዲኑ ፊት አመስግነውኝ ነበር። እጠይቅልሻለሁ አልኳት። አልጠየቅኩም። ከሰዓት በኋላ ማንም ሳያየኝ ሦስቱን ስሞች ጨመርኩ፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። እሷ ግን ወደ ቤቷ ሄዳለች። ደውዬ እንደገና ሞክሪ ልላት እችል ነበር፤ ለምን ብትለኝ ግን ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ሊኖርብኝ ነው፤ አልደወልኩም። በማግስቱ ምዝገባው ተዘጋ።

መስከረም ላይ የትምህርት ማስረጃዋን ልትወስድ መጣች።

«ጠየቅክልኝ?»

«ጠይቄ ነበር፤ አይሆንም አሉ።»

«እንግዲህ አልሐምዱሊላህ። አንተ እንኳን ለፍተሃል፣ አላህ ይስጥህ።»

ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ባለፈው ሳምንት ለወጣቷ ባልደረባዬ፣ ከዝርዝሩ ያልገጠመውን ሰው ከመመለስሽ በፊት ሌላ ሰው እንዲያየው አድርጊ አልኳት። ይህን ከየት ተማርክ ብላ ጠየቀችኝ። ከሥራ ልምድ አልኳት። አመሰገነችኝ። ይኸው ስንት ዓመት አልፎ፣ እውነቱን መናገር ዛሬም እንደዚያን ቀን ከብዶኝ፣ የማይገባኝን ምስጋና ተቀብዬ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ።