ያልተሸጠው ምላጭ

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም፤ የጉና ገብስ ታጭዶ ገና ያልተወቃበት ሰሞን ይመስለኛል። ልጄ አንድ ወልዳ፣ ትንሽ ልረፍ ብላ፣ ደብረ ታቦር ካለ ጤና ጣቢያ ክንዷ ውስጥ የወሊድ መከላከያ አስቀብራ ነበር። ጊዜው ሞላ። ሁለተኛ ልጅ አማራት፤ ባሏም ናፍቋል፣ አማቷ ደግሞ «ማህፀኗ ደረቀ» ማለት ጀምራለች። ይውጣልኝ ብላ ስትነሳ ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርዶ ነበርና አጃቢዋ እኔ ሆንሁ።

በቅሎ ይዘን የሄድነው በገበያ ቀን ነው፤ ጎረቤት ገበያ የወጣን እንዲመስለው። አባትና ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አይጨዋወቱም፤ መንገዱን ሁሉ ስለ በቅሎዋ ኮቴ ስናወራ ደረስን።

የጤና ጣቢያው ቀለም ያብረቀርቃል። የገባችበት ክፍል ግን በር የለው፣ መጋረጃ ብቻ። ወረፋ የያዝነው ሁሉ ወሬውን እንሰማለን። ጋቢዬን ወደ ጆሮዬ ሳብሁ፤ ቢሆንም ሰማሁ።

«ማውጣት አንችልም እህቴ» አለች ነርሷ። «የሠለጠነችው ባለሙያ ተዛውራለች፣ ማደንዘዣም አልቋል።»

«እዚሁ አይደል ያስገባችሁልኝ?»

«ማስገባቱንማ ዛሬም እናስገባለን።»

ደነገጥሁ። በሬ ጠምዶ መፍታት የማይችል ገበሬ አይቼ አላውቅም። ገጠር ቢጎድል ይጎድላል፤ ከተማ ሁሉ ሙሉ ነው ብዬ ነበር የኖርሁት። መቼ እንመለስ ብላት ነርሷ አንገቷን ደፋች። «እኔም አላውቅ አባቴ፤ ባልዋሽዎት ይሻላል።»

ልጄ ቀድማኝ ወጣች። ተከትያት ገበያ ገባሁ። አንድ ሱቅ ቆማ ምላጭ ስትጠይቅ ደረስሁ። ለጥፍር መስሎኝ ነበር።

«ምን ልታደርጊበት?» አለች ባለሱቋ፣ ሻሽ የጠመጠመች ሙስሊም ሴት።

«ክንዴ ውስጥ ያለውን በምላጭ ቀድዳ የምታወጣልኝ ጎረቤት አለች።»

የጤፍ ጆንያ ላይ ተቀመጥሁ። ባለሱቋ ምላጩን መልሳ ሣጥን ከተተች። «አልሸጥልሽም። ደም ሥርሽን ትበጥስና አባትሽ ሬሳ ጭነው ይመለሱ? እኔንም እዚያው ጤና ጣቢያ አንችልም ብለውኝ ሆስፒታል ነው ያወጡልኝ።» ወደ እኔ ዞረች፤ «ይነሡ አባባ፤ በቅሎዋ እዚህ ትቆይ።»

በዚያ በገበያ ቀን ሱቋን ዘግታ አብራን ሄደች።

የሆስፒታሉ ክፍል በር ነበረው። ልጄ ክንዷ በፋሻ ተጠቅልሎ ወጣች። «አባዬ፣ አላመመኝም» አለችኝ። ስንመለስም ስለ በቅሎዋ ኮቴ አወራን።

ዛሬ ጭኔ ላይ የሚዘለው ሁለተኛው የልጅ ልጄ የማን ውለታ ነው ብትሉኝ፣ ምላጭ አልሸጥም ያለችው የዚያች ባለሱቅ ነው።