ካኪ የለበሰው መጽሐፍ

ታተመ! አንድ ገጽ ተኩል ብቻ ነው፤ ግን ታተመ። ከሥሩም ስሜ ከነአባቴ ስም አለ።

ወሬውን ያመጣችልኝ አክስቴ ናት። አክስቴ በገበያ ቀን ተበላ ወደምትባለው ከተማ ወርዳ ማንጎ ታመጣና ሶዶ ትሸጣለች። በቀደም ከሚኒባስ ስትወርድ እንደ ሁልጊዜው ጆንያውን ልቀበላት ሄድኩ። እሷ ግን፣ "እሱን ተይው፣ መጀመሪያ ይሄን ያዢ" ብላ ከነጠላዋ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣች። "ዳይሬክተሯ ናቸው የሰጡኝ። ገበያ መሃል ድረስ መጥተው! ለልጅቷ በእጇ አሉኝ። ምን አጥፍተሽ ነው ደግሞ?"

አክስቴ ዳይሬክተር ካለበት ጥፋት አይጠፋም ብላ የምታምን ሰው ናት።

ፌስታሉን ስፈታ ቀጭን መጽሐፍ ወጣ። መምህራን ራሳቸው ተሰባስበው ለመምህራንና ለርዕሳነ መምህራን ያዘጋጁት ነው፤ አንድን ልጅ እንዴት ማወቅ፣ እንዴትስ መንከባከብ ይቻላል የሚል። ወረቀቱ ማንጎ ማንጎ ይሸታል። ሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ የኔ ጽሑፍ! መንገዱ ላይ ቆሜ ጮህኩ። አንድ ባለ ባጃጅ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ "ምን ሆና ነው?" አለ። አክስቴም ጆንያዋን እያስተካከለች፣ "መጽሐፍ ውስጥ ገብታ ነው" አለችው።

ጽሑፉን ያስጻፉኝም መጽሐፉን የላኩልኝም ዛሬ ተበላ ርዕሰ መምህርት የሆኑት ቲቸር ወርቅነሽ ናቸው። ከአራት ዓመት በፊት ሶዶ ሰባተኛ ክፍል ሲያስተምሩኝ እኔ ደግሞ የሳቸውን መጽሐፍ ሰርቄያለሁ። አራት ዓመት ለትዝታ ያንሳል የሚል ሰው አይጠፋም። ያኔ የነበረችው ልጅ ግን አሁን ሳስባት ታናሽ እህቴ ነው የምትመስለኝ፤ ስለዚህ ስለሷ ማውራት እችላለሁ።

ያቺ ልጅ ከሁምቦ ገጠር ወጥታ ሶዶ አክስቷ ቤት የገባችው ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ እንዳለፈ ነው። እኛ አገር ፀሐዩ ከጠዋት ጀምሮ ግንባር ላይ ይቀመጣል። ሶዶ ግን ጠዋት ጠዋት ዳሞታ ተራራ ደመናውን እንደ ጋቢ ተከናንቦ ነው የሚነሳው፤ እኔም ከአክስቴ ሹራብ ውስጥ አልወጣም ነበር። ብርዱ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ንባብ ነው።

ነገሩ ይገርማል፤ ምክንያቱም በሰፈሬ አንባቢ ነበርኩ። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን በወላይትኛ ቃሉን የማነበው እኔ ነኝ፤ ሽማግሌዎቹ፣ "ይህች ልጅ ስታነብ ሰው አያንቀላፋም" ይሉ ነበር። ሶዶ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ቲቸር ወርቅነሽ አማርኛ እያስተማሩን ሳለ ቢሮ ተጠሩ። "እስክመለስ ተራ በተራ አንብቡ" ብለው ወጡ። ተራዬ ደረሰ። ተነስቼ እንደለመድኩት፣ ድምፄን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ ማንበብ ጀመርኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ከኋላ ወንበር ናትናኤል የሚባለው ልጅ እንደ መዘምራን ወደ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ጀመረ።

"ተነሱ እንጂ! ኳየሯ ጀመረች!"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሂክማ ሳትቀር ሳቀች። ቲቸር ሲመለሱ ሁሉም ጸጥ ብሏል፤ እኔም ጸጥ ብያለሁ። ልዩነቱ፣ እኔ ከዚያ ወዲያ እንደዚያው ቀረሁ። ስጠየቅ ጣራ አያለሁ፣ ስጠራ ብቻ "አቤት" እላለሁ። የማወራው ከሂክማ ጋር ብቻ ነበር። እሷ ለሁለት ሰው የሚበቃ ወሬ ስላላት ብዙም አልተቸገርኩም።

ቲቸር ወርቅነሽ በካኪ ወረቀት የተሸፈነ አንድ መጽሐፍ ከእጃቸው አይለይም ነበር። ጠይቀው ከመጥራታቸው በፊት ገለጥ ያደርጉታል፣ ወደ እኛ ያያሉ፣ ከዚያ አንዱን ይጠራሉ። እኛ ሰባተኛ ክፍሎች አንድ ነገር ላይ ተስማምተናል፤ ያ መጽሐፍ የመልስ መጽሐፍ ነው። የፈተናው ጥያቄም መልሱም እዚያው ነው። ሂክማ እንዲያውም፣ "ያ መጽሐፍ ባይኖር ቲቸርም ከኛ እኩል ናት" ትል ነበር።

በዚያው ሰሞን ቲቸር ነገር ዓለማቸው ተለዋወጠብኝ። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ጠርተውኝ ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅለው በዳጣ አቀረቡልኝ። "ብቻዬን አልጨርሰውም፣ አግዢኝ" አሉ። ዳጣው አፍንጫ የሚያስናፍጥ በርበሬ ነበር፤ በላሁ፣ ዝም አልኩ። በሌላው ሳምንት ከሂክማ አንስተው የመጀመሪያው ወንበር ላይ፣ ሰሌዳው ሥር አስቀመጡኝ። ሊያጋልጡኝ ነው ብዬ አለቀስኩ፤ ደግሞ መለሱኝ። ቀጥሎ የአቮካዶ ችግኝ ፈልጌ ነው ብለው አክስቴ ቤት መጡ፤ ችግኙን ሳይወስዱ ሄዱ። አክስቴ ከኋላቸው እያየች፣ "ችግኝ የፈለገ ሰው ዓይኑ ጓሮ ነው የሚያየው። እኚህ ግን አልጋሽን ነበር የሚያዩት" አለች። ሊከሱኝ የመጡ መሰለኝ።

ከዚያ የቃል ንባብ ፈተና ተነገረ። ሰኞ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ፊት ወጥቶ ያነባል፤ ከአሥር ይታረማል። እኔ የታየኝ አንድ መንገድ ብቻ ነው። የሚነበበውን ምንባብ ቀድሜ ባገኝ ቅዳሜና እሁድ ደጋግሜ ተለማምጄ ያንን ዜማዬን አጠፋዋለሁ። እንደ ከተማ ልጅ ቀጥ ብዬ አነባለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት ቲቸር በጥድፊያ ቢሮ ተጠሩ። መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ሂክማ በክርኗ ጎሰመችኝ።

"ዛሬ ነው! እኔ በሩን እይዛለሁ።"

"አንቺ ለምን አትወስጂውም?"

"እኔማ ሁሌ ነው የምጠረጠረው። አንቺን ማን ይጠረጥራል? ድምፅሽን እንኳ የሚያውቅ የለም።"

እውነቷን ነው። መጽሐፉ ቦርሳዬ ውስጥ ገባ።

የሂክማ አባት ጋሽ ከድር ከትምህርት ቤቱ በታች ሱቅ አላቸው። ከትምህርት በኋላ ከሱቁ ጀርባ፣ በሳሙና ካርቶንና በስኳር ጆንያ መካከል ተቀምጠን መጽሐፉን ገለጥነው። መልስ የለም። ምንባብም የለም። ስለ ልጆች ደህንነት ለመምህራን የተጻፈ ነው። የፈራ ልጅ፣ ቤቱ ሐዘን የገባበት ልጅ፣ የሚማታ ልጅ።

"ይሄማ ስለኛ ነው! ስለኛማ እኛ እናውቃለን" አለች ሂክማ ቅር ብሏት።

በጠርዙ ላይ ግን በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ የክፍላችን ልጆች ስም ሰፍሯል። ሂክማ ስሟን ስታገኝ እየሳቀች ጮክ ብላ አነበበችው። "ሂክማ ትቀልዳለች። የምትቀልደው ሲጨንቃት ይሆን?" ሳቋ እዚያው ቆመ። ጣቷን ስሟ ላይ እንዳደረገች ቀረች። 

እኔ ደግሞ ድንገት ዝም ስላለ ልጅ የሚያወራ ገጽ ላይ ራሴን አገኘሁ። ከስሜ ሥር፣ "ራብ?" ይላል፤ ተሰርዟል። "ዓይኗ ይሆን?" ተሰርዟል። "ቤት ውስጥ?" ይህም ተሰርዟል። ቦዬው፣ የፊት ወንበሩ፣ የአቮካዶ ችግኙ። ለካ ሁሉም ግምት ኖሯል። ከሁሉም በታች ያልተሰረዘ፣ እርሳሱ ሁለት ጊዜ የሄደበት መስመር አለ፦

"እኔን ትፈራ ይሆን?"

ያን ጊዜ ከሱቁ ፊት የቲቸር ወርቅነሽ ድምፅ መጣ። ሂክማ ቀሚሴን ይዛ ወደ ጆንያው ጎተተችኝ።

"ጋሽ ከድር፣ ካኪ የለበሰ መጽሐፍ ለመጠቅለያ ልሽጥ ብሎ ያመጣ ልጅ የለም?"

"የለም ቲቸር። የርስዎ ነው?"

"የተዋስኩት ነው፣ የአካባቢው ትምህርት ቤቶች ከሚጋሩት የጉድኝት ማዕከል። ያለው እሱ አንድ ብቻ ነው፤ በተራ ነው የምናነበው። ነገ ሱፐርቫይዘሩ ክፍሌ ገብተው ካዩኝ በኋላ ወደሚቀጥለው ትምህርት ቤት ይዘውት ሊሄዱ ነበር። ጠፋ ብዬ ምን ልበላቸው? ሁለተኛ ለመምህር መጽሐፍ አያውሱም።"

"መልሱ ሁሉ እሱ ውስጥ ነው ትላለች ልጄ።"

ቲቸር ሳቁ፤ የደከመው ሰው ሳቅ ነበር። "መልስ? ጥያቄ ብቻ ነው ያለው ጋሽ ከድር።"

ሲሄዱ ሂክማ ሹክ አለችኝ። "በጠዋት ዘበኛው ሳያይ በቢሮው መስኮት እንወርውረው። በቃ፣ ማን ያውቃል?"

ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ማንም አያውቅም ነበር። ግን ቲቸርም ምንም ሳያውቁ ሊቀሩ ነው። መጽሐፉ ያንን ጥያቄ እንደያዘ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሊሄድ፣ እሳቸው ደግሞ ልጅ የሚያስፈራ መምህር ነኝ ብለው ሊቀሩ ነው።

"እርሳስ ስጪኝ" አልኳት።

"አበድሽ? ጽሕፈትሽን ያውቁታል!"

"ይወቁት።"

ከዚያ መስመር ሥር ጻፍኩ፦ "እርስዎን አይደለም ቲቸር። ሳነብ ይስቁብኛል፣ ኳየር ይሉኛል። የሰኞውን ፈርቼ ነው መጽሐፉን የወሰድኩት።" በሕይወቴ ሳልታዘዝ የጻፍኩት የመጀመሪያ ጽሑፍ ይህ ነው። ሂክማ እርሳሱን ከእጄ ነጠቀች፣ ወደ ራሷ ገጽ ተመልሳ ከጥያቄው ሥር አንድ ቃል ጻፈች። "አዎ።"

በማግስቱ ቲቸርን የጠበቅናቸው በሩ ላይ ነው። ደመናው ገና ከዳሞታ አልተነሳም። መጽሐፉን በሁለት እጄ ሰጠሁ። ገለጡት፣ አነበቡ፣ ገጽ አዙረው ደግሞ አነበቡ። የሚቆጡ መስሎኝ ትከሻዬን ሰበሰብኩ።

"እርሳሱ የማናችሁ ነው?" አሉ በመጨረሻ።

"የኔ ነው ቲቸር" አለች ሂክማ።

"ጥሩ ይጽፋል።" ከዚያ ወደ ክፍል ሄዱ።

ሱፐርቫይዘሩ ጃንጥላ የያዙ ግዙፍ ሰው ነበሩ። የኋላ ወንበር ላይ ከናትናኤል አጠገብ ተጨናንቀው ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው ዴስኩን አነሳው። ቲቸር ካኪውን መጽሐፍ ገለጡ፣ ወደ እኛ አዩ። አሁን ይጠሩኛል አልኩ። አልጠሩኝም። የራሳቸውን የመማሪያ መጽሐፍ አነሱና ማንበብ ጀመሩ።

ግን ያ የምናውቀው የክፍል ድምፃቸው አልነበረም። ቦምቤ የምትባል የወላይታ ገጠር ልጅ መሆናቸውን የሰማሁት ኋላ ነው፤ ያን ቀን የሰማሁት ግን ልክ የኛን ሰፈር ሴቶች ንባብ ነው። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ የመስመሩ ጫፍ ላይ ይጎተታል። በሱፐርቫይዘር ፊት! ክፍሉ ግራ ገባው። ናትናኤል ከንፈሩን ነክሶ ጃንጥላውን በጎን ያያል።

ቲቸር ንባቡን አቁመው፣ "ማን ይቀጥላል?" አሉ። ማንንም አላዩም። ወደ መስኮቱ ነበር የሚያዩት።

እጄን አወጣሁ።

ስነሳ ጉልበቴ ከዴስኩ ተጋጨ። የመጀመሪያውን መስመር ቀጥ አድርጌ ላነብ ሞከርኩ፣ አልሆነም። ሁለተኛው ላይ ዜማዬ መጣ፤ ተውኩት። ከኋላ ናትናኤል ሳያስበው፣ "ኳየ..." ሲል ሂክማ ዞር ብላ፣ "ወይ አሜን በል ወይ ዝም በል!" አለችው። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ አሁን ግን በኔ አልነበረም። ሱፐርቫይዘሩም በመሀረብ አፋቸውን ሸፈኑ። እኔም ስቄ ቀጠልኩ፣ እስከ ገጹ መጨረሻ።

ሰኞ ስንት አገኘሽ ለምትሉኝ፣ ከአሥር ስድስት። "ቸኮልሽ" አሉኝ። ቅጣትም አልቀረልንም። እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ዓርብ ዓርብ የትምህርት ቤቱን የተቀዳደዱ መጻሕፍት በካኪ ስንሸፍን ከረምን። ያኔ ነው ቲቸር አንድ ባዶ ደብተርና እርሳስ ጠረጴዛቸው ላይ መተው የጀመሩት፤ መናገር የከበደው እንዲጽፍበት። ናትናኤል እንኳ ጻፈበት። ምን እንደጻፈ አልነግራችሁም፤ የሱ ነው።

አሁን ይህ ማንጎ የሚሸት መጽሐፍ ከፊቴ ተዘርግቷል። ጠርዙ ሰፊ ነው፣ ሆን ተብሎ ባዶ ተትቷል፤ መምህራን በእርሳስ እንዲገምቱበት፣ ሲሳሳቱም እንዲሰርዙበት። ትናንት እንደገና ሳገላብጠው ጽሑፌ ጠርዝ ላይ ያ ደቃቅ ጽሕፈት አለ። እንዴት በመጀመሪያው ቀን አላየሁትም? "የፊታችን ቅዳሜ መምህራንና ርዕሳነ መምህራን እኛ ጋ ይሰበሰባሉ። መጥተሽ ታነቢልናለሽ? ሰው ይዘሽ ነይ።"

አክስቴ ማንጎዋን ለጎረቤት አደራ ብላ ልትመጣ ነው። ሂክማ ትመጣለች፤ መሳቋ አይቀርም፣ ለምን እንደምትስቅ ግን አሁን አውቃለሁ። እናንተንም ጠርቻችኋለሁ። ተበላ ሞቃት ነው፣ ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ ማንጎ አለ። መምህር የሆናችሁ ባዶ ደብተር ይዛችሁ ኑ፤ ተማሪ የሆናችሁ አንድ ሰው ሳያውቅላችሁ የቀረውን ነገር ይዛችሁ ኑ። መምጣት ያልቻለም እዚያው ባለበት በአንድ ጠርዝ ላይ ይጻፈው። እኔ በሰፈሬ ዜማ ነው የማነበው፤ ስጨርስ፣ "ማን ይቀጥላል?" እላለሁ። ወደ መስኮቱ ነው የማየው፤ ሳትፈሩ እጃችሁን አውጡ።