በልጄ ጀርባ ላይ የጎበጠው መስመር

የልጄ ጀርባ እየጎበጠ መሆኑን መጀመሪያ የነገረኝ አምበር ገበያ ያለ ልብስ ሰፊ ነው። ለትምህርት ቤት ያሰፋሁላት ቀሚስ በቀኝ ከፍ፣ በግራ ዝቅ አለብኝና «አበላሸህብኝ!» ብዬ ጮህኩበት። እሱ ልጄን አቁሞ ሜትሩን ከትከሻዋ ላይ አወረደና ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣

«እቴ፣ ቀሚሱስ ልክ ነው። አንድ ትከሻዋ ወርዷል። ጀርባዋን እስቲ እይው» አለኝ።

ቤት ገብተን አስወልቄ አየኋት። የጀርባዋ አጥንት እንደ እባብ ተጥመዝምዟል። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ከፍ ካለች ወዲህ እያፈረች ብቻዋን ነው የምትታጠበው፤ እኔም አላየሁም። እናት ሆኜ እንዴት አላየሁም?

ወጌሻ ዘንድ ወሰድኳት። ሦስት ሳምንት ሙሉ በቅቤ አሻት። እሷ ጥርሷን ነክሳ ታለቅሳለች፤ ጀርባዋ ግን ያው። አንዲት ጎረቤቴ «እንዲህ ያለው እያደር ሳንባ ይጫናል» ስትለኝ ልጄን በቁሟ የቀበርኳት መሰለኝ።

ደብረ ማርቆስ አንድ ክሊኒክ ጀርባን በብርሃን የሚለካ መሣሪያ ገብቷል ሲሉ ሰማሁ። በሄድንበት ጠዋት፣ ቆዳዋ አመድ መስሎ ሐኪም ፊት እንዳትቀርብ ብዬ ጀርባዋን በለጋ ቅቤ እስኪወዛ ቀባኋት።

መሣሪያውን የያዘው ወጣት የደብረ ኤልያስ ገበሬ ልጅ ነው። «ዶክተር» ስለው ሳቀ።

«ኧረ እማማ፣ እኔ ፎቶ አንሺ በሉኝ!»

ክፍሉን አጨልሞ ከአንድ ሳጥን ጥቁርና ነጭ መስመር በልጄ ጀርባ ላይ ለቀቀ።

«ይኸውልዎት፣ እንደ እርሻ ፈር ነው። ሜዳ ላይ ቀጥ ይላል፤ ጉብታ ላይ ሲወጣ ግን ከጎን ሆነው ካዩት ይጎብጣል። ካሜራው ከጎን ሆኖ ያንን ጉብጠት ያያል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ከዚያ ተነሥቶ የጀርባዋን ቅርጽ ያወጣል። አይነካትም፣ አያማትም።»

ቅርጿ ስክሪኑ ላይ ወጣ። መሀሉ ላይ ጥቁር ጉድጓድ ነበረበት። ወጣቱ ደግሞ አነሣ፤ ጉድጓዱ ያው። የክሊኒኩን ዶክተር ሊጠራ ወጣ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከመቁጠር በቀር አልተማርኩም፤ ጉድጓድ ለማወቅ ግን ትምህርት አያስፈልግም። ውስጧ አልቋል አልኩ በልቤ።

«እማዬ፣ ምን አዩብኝ?» ትለኛለች።

ዶክተሯ ገብታ ጀርባዋን በጣቷ ነካ አደረገችና ጣቷን አሸተተች።

«እናቴ፣ ምን ቀብተዋት ነው?»

«ቅቤ።»

«ማሽኑንም ቅቤ ሊያጠጡት ኖሯል!» አለ ወጣቱ።

ቅቤው ሲያብረቀርቅ ብርሃኑን እንደ መስታወት ይመልሰዋል፤ ካሜራው መስመሩን ማየት ሲያቅተው ቦታውን ባዶ ይተወዋል አለችኝ። በሳሙና አጥበን የሕፃን ፓውደር ነሰነስንባት። ጉድጓዱ ጠፋ።

ደስታዬ ግን የአፍታ ነበር። አሁን ጥርት ብለው የታዩት መስመሮች ቀኝ ጎኗ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ይጎብጣሉ። ዶክተሯ ራጅም አስነሥታ አየች።

«አድጋ እስክትጨርስ ደጋፊ ቀበቶ ትልበስ። በየአራት ወሩ እየመጣችሁ እንለካታለን። እየባሰ ከሄደ አዲስ አበባ ሄዳ ጀርባዋ ተከፍቶ ብረት ይገባል።»

«ተከፍቶ» የምትለዋ ቃል ሦስት ዓመት አብራኝ ኖረች። ሌላ እናት ልጇ ስትመዘዝ ትደሰታለች፤ እኔ ቁመቷ በጨመረ ቁጥር እደነግጣለሁ። በሙቀት ቀበቶው ሲልጣት «ልፍታው?» ትለኛለች፣ እኔም ጨክኜ አጠብቅባታለሁ። ክሊኒኩ ውስጥ መብራቱ ሲጠፋ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ጸሎቱም አልቆብኝ «አይጨምር፣ አይጨምር» ብቻ ሆነ። ከቢላዋው በፊት እኔን ውሰደኝ ያልኩበትም ቀን አለ።

በመጨረሻው የመለኪያ ቀን ዶክተሯ የአምናውንና የዘንድሮውን ቅርጽ አንዱን በሌላው ላይ ደርባ አሳየችኝ። ልክ ለልክ ገጠሙ።

«ማደጓን ጨርሳለች። አልጨመረም። ቀዶ ጥገና አያስፈልጋትም።»

«እስቲ ይድገሙልኝ» አልኳት። ደገመችልኝ።

የልጄ ጀርባ ዛሬም ትንሽ ዘመም ይላል። ቢላዋ ግን አልነካትም፣ ትንፋሿም ሙሉ ነው። ተርፋለች። እኔም ከዚያ ፍርሃት ወጥቻለሁ።